ለቀርፋፋ መስመር የተሠሩ ቁልፎች

ጋምቤላ ላይ ለተሰበሰበ አድማጭ የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ የመጣ ሰው ሻንጣው ላይ የታሰረውን ወረቀት ቢያይ ሦስት የላቲን ፊደሎች በትልቁ ታትመው ያገኛል፦ ጂ፣ ኤም፣ ቢ። ለአየር መንገድ ሠራተኛ ጋምቤላ ማለት ይኸው ነው። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ይህንኑ ማረፊያ በአራት ፊደል ይጠሩታል፦ ኤች፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤም። መጀመሪያ ያሉት ሁለቱ አገሪቱን፣ ተከትለው የሚመጡት ሁለቱ ቦታውን ያመለክታሉ፤ ቦሌም በዚሁ ሥርዓት ኤች፣ ኤ፣ ኤ፣ ቢ ተብሎ ይጻፋል። የበረራ መልእክት ለአሥርት ዓመታት ሲላክ የኖረው በቴሌፕሪንተር ነው። ማሽኑ በሰከንድ ሰባት ፊደል እንኳ አያደርስም ነበር። ስለዚህ የመልእክቱን መጀመር አራት ፊደል ያበሥር ነበር፣ ማለቁንም አራት ፊደል ይናገር ነበር፤ አስቸኳይነቱ በሁለት ፊደል ይገለጻል፤ የተቀባዩ አድራሻ በስምንት ፊደል ያልቃል። አውሮፕላኑ ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ ስንት ሰዓት ቆይቶ የት እንደሚያርፍ የሚናገረው ሙሉ የበረራ ዕቅድ ከጥቂት መስመር አያልፍም።

የቲኬቱም ዓለም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የአሜሪካን አየር መንገድ ፕሬዚዳንት ሲ አር ስሚዝ እና ብሌር ስሚዝ የተባለ የአይቢኤም ሽያጭ ሠራተኛ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ ሲበሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወሬ ጀመሩ። ከዚያ ወሬ ሴበር የተባለው የመቀመጫ ማስያዣ ሥርዓት ተወለደ፤ በ1964 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በሴበር «ዲሴምበር 20 ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ ምን በረራ አለ?» ብሎ ለመጠየቅ አሥራ ሁለት ቁልፍ ይበቃል፦ የጥያቄውን ዓይነት የሚናገር አንድ ቁጥር፣ የቀኑ ሁለት አኃዝ፣ የወሩ ሦስት ፊደል፣ የመነሻው ሦስት፣ የመድረሻው ሦስት። ዝርዝሩ ሲመጣ ከመጀመሪያው መስመር አንድ መቀመጫ ለመያዝ ደግሞ አራት ቁልፍ ብቻ። በማውስ የሚሠራ፣ በቀለም ያጌጠ ገጽ ከመጣ በኋላም ብዙ የቲኬት ባለሙያዎች እጃቸው ወደ ድሮው ይሄድባቸዋል። አልፈርድባቸውም። ደንበኛው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ስክሪኑ ላይ ያገኙታል።

እኔ ዛሬ የመጣሁት የእነዚህን ሥርዓቶች የቅርብ ዘመድ ይዤ ነው፤ በኮምፒውተር የትእዛዝ መስመር ላይ ሥራ የሚያፋጥኑትን አቋራጭ ቁልፎች። አንድ ነገር አሳምኜያችሁ ብሄድ ይበቃኛል። እነዚህ ቁልፎች የተሠሩት ለቀርፋፋ መስመር ነው፤ የእኛም መስመር አብዛኛውን ጊዜ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ቁጭ ብሎ በፋይበር ከሚሠራው ፕሮግራመር ይልቅ ጋምቤላ ሆኖ አዲስ አበባ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር የሚያስተዳድረው ወጣት የበለጠ ይፈልጋቸዋል።

የትእዛዝ መስመር አይታችሁ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሥዕልም ሆነ የሚጫን አዶ የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር የሆነ መስኮት ነው። ኮምፒውተሩ እንዲሠራ የምትፈልጉትን በቃል ጽፋችሁ ኢንተር ትጫናላችሁ፤ እሱም ሠርቶ በቃል ይመልሳል። ባንኩ፣ ቴሌው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የምትከፍቱት ድረ ገጽ ሁሉ ከጀርባው እንዲህ ያለ መስኮት ፊት የተቀመጠ ሰው አለው። ያ ሰው ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው በሩቅ ሆኖ ነው። የሚጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል ኔትወርኩ ወደ ሰርቨሩ ይወስደዋል፤ ሰርቨሩ መልሶ ሲልከው ነው ስክሪኑ ላይ የሚታየው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን፦ የምታዩት ፊደል ደርሶ የተመለሰ ፊደል ነው።

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ሲጀምሩት ከማሽኑ ጋር ይነጋገሩ የነበረው ቴሌታይፕ 33 በሚባል፣ ወረቀት ላይ በሚያትም መሣሪያ ነው። በሰከንድ አሥር ፊደል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ቁልፎቹም ከባድ ነበሩ፤ ጣት ያደክማሉ። የፋይሎችን ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ ሁለት ፊደል ብቻ፣ ኤል እና ኤስ፣ የሆነው፣ የሚቀዳው ሲ እና ፒ፣ የሚያንቀሳቅሰው ኤም እና ቪ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። እዚሁ አገራችን ውስጥ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ደግሞ ለአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲደክሙ የገጠማቸው ፈተና ሰፊ ነበር፤ ያን ሁሉ የግእዝ ፊደል ጥቂት ቁልፍ ላይ ማሳፈር። የእነሱ ታሪክ ለብቻው አንድ ምሽት ይገባዋል፤ ዛሬ አልፈዋለሁ።

ከቴሌታይፑ ዘመን የወረስነው ትልቁ ነገር ኪቦርዱ ግራ ጥግ ላይ ያለችው ኮንትሮል የተባለች ቁልፍ ናት። በ1963 የወጣው የአስኪ መለያ ከሚታተሙት ፊደሎች ሌላ ለማሽኑ ብቻ የሚነገሩ ምልክቶች ነበሩት፦ ደወል ደውል፣ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ፣ መላኩ አበቃ የሚሉ። እነዚህ የሚላኩት ኮንትሮልን ከአንድ የላቲን ፊደል ጋር በመጫን ነው፤ የፊደሉ ተራ ቁጥር የምልክቱ ቁጥር ይሆናል። ኮንትሮል ጂ ሰባተኛው፣ ደወል። ኮንትሮል ኤች ስምንተኛው፣ አንድ ፊደል ወደ ኋላ። ኮንትሮል አይ ዘጠነኛው፣ ታብ። ኮንትሮል ኤም አሥራ ሦስተኛው፣ ኢንተር። ዛሬም ላፕቶፓችሁ ላይ የታብ ቁልፍ ቢሰበር ተርሚናሉ ውስጥ ኮንትሮል አይ ይሠራላችኋል። የጥገና ገንዘብ እስኪገኝ።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ በተለይ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዎርድ ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው ፋይል ለማስቀመጥ ኮንትሮል ኤስ መጫን ልማዱ ሆኗል። ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ይህንኑ ሲጫን ስክሪኑ ድርቅ ይላል። የሚጽፈው አይታይም፣ መልስ አይመጣም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ መጀመሪያ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፦ «ሄደ!» መስኮቱን ዘግቶ እንደገና ይገባል፣ ወይም ተነሥቶ ቡና ይጠጣል። ኔትወርኩ ግን የትም አልሄደም። ኮንትሮል ኤስ በቴሌታይፕ ዘመን «ላኪው ይቁም፣ አታሚው አልደረሰበትም» የሚል ምልክት ነበር፤ ስድሳ ዓመት አልፎት ዛሬም ይታዘዛል። መፍትሔው ኮንትሮል ኪው ነው፤ «ቀጥል» ማለት። ስክሪኑ ሲደርቅ ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት ኮንትሮል ኪው ሞክሩ። ኮንትሮል ዚም ሌላ ወጥመድ አለው። ዎርድ ላይ የሠሩትን ያስመልሳል፤ እዚህ ግን እየሠራ ያለውን ፕሮግራም በነበረበት አቁሞ ከጀርባ ያስቀምጠዋል። አልሞተም፣ ተኝቷል። ኤፍ እና ጂ ብላችሁ ስትጽፉ ይነቃል። በእርግጥ እንዲቋረጥ የምትፈልጉ ከሆነ ኮንትሮል ሲ ነው።

መስመራችን አብዛኛውን ጊዜ ቀርፋፋ ነው ብዬ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መንግሥት ወረዳኔትና ስኩልኔት የተባሉትን መረቦች ሲዘረጋ ብዙዎቹን ወረዳዎችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያገናኘው በሳተላይት ዲሽ ነው። በፕላዝማ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከከተማ ርቀው የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶችም ፋይበር በሌለበት ዲሽ ይተክላሉ። ያ ዓይነቱ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ፊደል ስትጫኑ ወደ ሳተላይቱ ትወጣለች፣ ወደ ሰርቨሩ ትወርዳለች፤ ሰርቨሩ መልሶ ሲልካት እንደገና ትወጣለች፣ እንደገና ትወርዳለች። አራት ጊዜ፣ ከ143,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢበርም ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል፤ የመሣሪያዎቹ መዘግየት ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። ማንም ቴክኒሽያን ይህን ማሳጠር አይችልም፤ የብርሃን ፍጥነት ነው። በሞባይል ኔትወርክ ሲሠራ ጊዜው በጣም ያጥራል፤ ሰው ሲበዛበት ግን መዘግየቱ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፤ ለሥራ ከሳተላይቱ ይልቅ የሚያናድደው እሱ ነው።

አሁን አንዲት ባለሙያ በሐሳባችሁ ሣሉልኝ። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለች ትንሽ ቢሮ ትሠራለች፤ በየማታው የቀኑን መዝገብ አዲስ አበባ ወዳለ ሰርቨር ትልካለች። ትእዛዙ ረጅም ነው፣ ሰባ ፊደል ያህል፤ የፕሮግራሙ ስም፣ የፋይሉ አድራሻ፣ የሰርቨሩ ስም፣ እዚያ ያለው የማኅደር አድራሻ። ጽፋ ስትጨርስ የመጀመሪያው ቃል ላይ አንድ ፊደል ተሳስታለች። ምን ታደርጋለች? ብዙ ሰው የግራ ቀስቷን ይጫንና ይዞ ይቆያል። ከሰርቨሩ ጋር በሩቅ እየተነጋገረች ከሆነ ከርሰሩ የተንቀሳቀሰ አይመስልም፤ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ዘልሎ ይሄዳል። በባክስፔስ ስታጠፋ ደግሞ ይብሳል። የጠፋው ፊደል ጠፍቶ እስኪታይ ግማሽ ሰከንድ ስላለ፣ ጣቷን ስታነሣ ማጥፋት ያልፈለገችውም አብሮ ሄዷል።

ኮንትሮል ኤ ከርሰሩን በአንድ ጊዜ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያደርሰዋል። ኮንትሮል ኢ ወደ መጨረሻው ይመልሰዋል። ስህተቱ መሃል ላይ ከሆነ አልት ቢ አንድ ቃል ወደ ኋላ፣ አልት ኤፍ አንድ ቃል ወደፊት ይዘላል። ቀስቷ አርባ ጊዜ የምትመላለሰውን መንገድ እነዚህ በሁለት በሦስት ምት ይጨርሱታል፤ ደግሞም ዐይን ሳያስፈልጋቸው። ለቀርፋፋ መስመር የሚጠቅመው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ቀስት የት እንደደረሰ እያያችሁ ነው የምትጫኑት፤ ኮንትሮል ኤ ግን የት እንደሚያደርስ ሳታዩትም ታውቃላችሁ። ስለዚህ መልሱን ሳትጠብቁ ቀጣዩን መጻፍ ትችላላችሁ።

ማጥፊያዎቹም እንዲሁ ናቸው። ኮንትሮል ደብሊዩ ከርሰሩ ጀርባ ያለውን ቃል ያነሣል፣ ኮንትሮል ኬ ከከርሰሩ እስከ መጨረሻ፣ ኮንትሮል ዩ ከከርሰሩ እስከ መጀመሪያ። እዚህ ላይ ጥቂት ልዩነት አለ። ኮንትሮል ደብሊዩ ቃል የሚለው በባዶ ቦታ የተለየውን ነው፤ ስለዚህ ረጅም የፋይል አድራሻ ላይ ብትጫኑት ሙሉውን ያጠፋባችኋል። አልት ባክስፔስ ግን አድራሻውን በየስላሹ ቆርሶ ያነሣል፤ የመጨረሻውን ማኅደር ብቻ ለመቀየር የምትፈልጉት እሱን ነው። ያነሣችሁት ደግሞ አልጠፋም፤ ኮንትሮል ዋይ መልሶ ያስቀምጠዋል። ባለሙያዋ ሰባውን ፊደል ጽፋ ኢንተር ልትጫን ስትል የሰርቨሩ ማኅደር መኖሩን ማረጋገጥ ትዝ ቢላት፣ ኮንትሮል ዩ ትልና መስመሩን ታነሣዋለች፤ ሌላውን ትእዛዝ ሰጥታ መልሱን ታያለች፤ ኮንትሮል ዋይ ስትል ሰባው ፊደል ተመልሶ ይቆማል።

ከእነዚህ ፊደሎች አብዛኞቹ ከየት መጡ ብትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ኤምአይቲ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማንና ጋይ ስቲል ከጀመሩት ኢማክስ ከተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ብራያን ፎክስ ባሽ የተባለውን ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም፣ እንዲሁም ሪድላይን የተባለውን የመስመር ማረሚያ ሲጽፍ የኢማክስን ቁልፎች ወረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቼት ሬሚ ለአሥርት ዓመታት ይጠብቃቸዋል። ሪድላይንን ብዙ ፕሮግራሞች ስለሚጋሩት እነዚሁ ቁልፎች በብዙ የዳታቤዝና የፕሮግራም መስኮቶች ውስጥ ሳይቀየሩ ይሠራሉ። ማክ የሚጠቀሙ ደግሞ ማንኛውም የጽሑፍ ሣጥን ውስጥ ኮንትሮል ኤ እና ኮንትሮል ኢ ቢሞክሩ ይገረማሉ።

በማግስቱ ባለሙያዋ ያንኑ ትእዛዝ ትፈልጋለች። እንደገና መጻፍ አያስፈልጋትም፤ ሼሉ ያለፉትን ትእዛዞች መዝግቦ ይዟል። ኮንትሮል አር ትጫንና ከመስመሩ የምታስታውሰውን ሦስት ፊደል ትጽፋለች፤ የቅርብ ጊዜው ተመሳሳይ ትእዛዝ ይመጣል። ካልሆነ እንደገና ኮንትሮል አር፣ ወደ ኋላ እየሄደ ይፈልጋል። ሐሳቧን ብትቀይር ኮንትሮል ጂ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ቁልፍ ነው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እይዛለሁ። አደጋም ግን አለው። የመጣው መስመር የምታስቡት መሆኑን ሳታነቡ ኢንተር ከተጫናችሁ፣ ከሳምንት በፊት አንድ ማኅደር የሰረዛችሁበት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «መልስልኝ» የሚባል ነገር የለም። በቀርፋፋ መስመር ላይ ደግሞ ስክሪኑ ገና ያላሳያችሁን መስመር ማስኬድ ይቻላል። ኮንትሮል አር ላይ ብቻ ጠብቁ። እስክታዩት ጠብቁ።

ወደ ኋላ ሲፈልጉ የሚፈልጉትን ማለፍ አለ፤ ወደፊት መመለሻው ኮንትሮል ኤስ ነው፤ ያው ስክሪን የሚያደርቀው። የቴሌታይፑ ምልክት ቀድሞ ይይዘውና ሪድላይን ጋ አያደርሰውም። ኤስቲቲዋይ የሚለውን ትእዛዝ፣ ከዚያም ሰረዝ አድርጋችሁ አይ፣ ኤክስ፣ ኦ፣ ኤን ብላችሁ ብታስኬዱ የድሮው ልማድ ይሰናበታል፤ ኮንትሮል ኤስም ነፃ ይወጣል። በዚህ አንድ እርምጃ የማያስፈልገውን መድረቅም ታስወግዳላችሁ።

ሌሎቹን ፈጠን ልበል። ትእዛዝ ሰጥታችሁ «ፈቃድ የለህም» ካላችሁ፣ ሱዱ ብላችሁ ሁለት ቃለ አጋኖ ብትጽፉ ያለፈው መስመር ሙሉውን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይደገማል። አልት ነጥብ ካለፈው ትእዛዝ የመጨረሻውን ቃል ያመጣል፤ ማኅደር ፈጥራችሁ ወዲያው ልትገቡበት ስትሉ ስሙን መልሳችሁ አትጽፉም። ኮንትሮል ኤል ስክሪኑን ያጸዳል።

ታብ ግን ቆም ማለት ይገባዋል። የፋይል ስም ሁለት ሦስት ፊደል ጽፋችሁ ታብ ስትጫኑ ሼሉ ቀሪውን ይሞላል። ሐሳቡ በ1970ዎቹ ቴኔክስ ከተባለ ሥርዓት የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ታብን ለፍጥነቱ ያወድሰዋል፤ እኔ የምወድደው ለምስክርነቱ ነው። ታብ ካልሞላ በዚያ የሚጀምር ስም ከአንድ በላይ ነው፣ አለዚያም ፋይሉ እዚያ የለም ወይም ስሙን ተሳስታችኋል። ገና ኢንተር ሳትጫኑ አወቃችሁ ማለት ነው። የዘገየ መስመር ላይ የተሳሳተ ትእዛዝ ልኮ ስህተቱን ከመጠበቅ ይህ ይሻላል።

አሁን የተቃውሞውን ወገን ልስማ። «ጥቂት ሰከንድ ለማትረፍ ይህን ሁሉ ማጥናት ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አለ፤ ከፊል እውነት አለው። በ1980 ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒዌል የኮምፒውተር ተጠቃሚን ጊዜ በዝርዝር ለክተው አሳተሙ። የለመደ ጸሐፊ አንድ ቁልፍ ለመጫን 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ለመውሰድ 0.4፤ በማውስ ለመጠቆም 1.1። ከሁሉ የሚረዝመው ግን እጅ የማይሠራው ነው፦ ቀጥሎ ምን ላድርግ ብሎ ማሰቢያው፣ 1.35 ሰከንድ። ከዚህ የምረዳው አቋራጩን ለማስታወስ የሚያስቆማችሁ ከሆነ ስድስት ጊዜ ቀስት ከመጫን የበለጠ ጊዜ ይበላባችኋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉትን መቶ ቁልፍ የያዙ ወረቀቶች አላምንባቸውም። አንድ ቁልፍ ያዙ፣ ጣታችሁ ሳይጠይቃችሁ እስኪያውቀው በእሱ ብቻ ሥሩ፣ ከዚያ ሌላ ጨምሩ። ኮንትሮል ኤ፣ ኮንትሮል አር፣ ታብ፣ ኮንትሮል ደብሊዩ። ብዙ ባለሙያ ከእነዚህ አልፎ ሳይሄድ ጡረታ ይወጣል፤ ምንም አልጎደለበትም።

ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ፣ ፓወርሼል ውስጥ ኮንትሮል አር አለ፤ ኮንትሮል ኤ ግን ሙሉ መስመሩን ይመርጣል እንጂ ወደ መጀመሪያ አይወስድም፤ ለዚያ ሆም የሚለውን ቁልፍ ተጠቀሙ። በድሮው ጥቁር የዊንዶውስ መስኮት ደግሞ ኤፍ ሰባት ያለፉትን ትእዛዞች በዝርዝር ያወጣል። ላፕቶፕ የሌላችሁስ? አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባል ፕሮግራም ሙሉ የትእዛዝ መስመር ይሰጣል። ስልክ ኮንትሮል ስለሌለው ድምፅ መቀነሻውን ይዛችሁ ፊደሉን ስትነኩ እንደ ኮንትሮል ይቆጠራል። በአውራ ጣት ለሚጽፍ ሰው ሰባ ፊደል መድገም ቅጣት ስለሆነ፣ ለአቋራጭ ከማንም በላይ ምክንያት ያለው እሱ ነው።

በራሳችን ፊደል መጻፍ ሲመጣ አንዳንድ ነገር ይለወጣል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ዛሬ በተለመደው አቀማመጥ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ ኤ አንድ ብቻ። የቋንቋ መቼቱ ያልተስተካከለ የቆየ ሰርቨር ላይ ባክስፔስ ስትጫኑ የፊደሉን ሲሶ ብቻ ሊያጠፋና የቀረውን ቁርጥራጭ እንደ ጥያቄ ምልክት ሊያሳያችሁ ይችላል። ያኔ ፊደል በፊደል አትልፉ፤ ኮንትሮል ዩ ብላችሁ መስመሩን ሙሉውን አንሥታችሁ እንደገና ጻፉ። እዚህ ክልል ውስጥ በስፋት የሚነገሩት ኑዌርና አኝዋ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እንግሊዝኛ የሌላቸው ተጨማሪ ፊደሎቻቸው ከአንድ ባይት በላይ ስለሚይዙ ይኸው ችግር እነሱንም ያገኛቸዋል። ሌላው የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ መቅረቱ ነው። ኤል እና ኤስ የጻፋችሁ መስሏችሁ «ልስ» ይወጣል፤ ሼሉም እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለኝም ይላችኋል። ኮንትሮል የያዙት ቁልፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ እያለም ይሠራሉ፤ ኮንትሮል ዩ፣ ኪቦርድ ቀይሩ፣ እንደገና።

መስመሩ በእርግጥ ሲቋረጥስ? ኤስኤስኤች በተባለው የሩቅ መገናኛ ፕሮግራም ከሰርቨር ጋር ተገናኝታችሁ ኔትወርኩ ሲሄድ መስኮቱ ይደርቃል፤ ኮንትሮል ኪው አይረዳም፣ ኮንትሮል ሲም አይደርስም፤ የሚቀበለው ሰርቨር የለም። ኢንተር፣ ከዚያ ቲልዳ የሚባለውን የማዕበል ምልክት፣ ከዚያ ነጥብ ተጫኑ። ይህን የሚያነበው እጃችሁ ላይ ያለው ኮምፒውተር ስለሆነ ግንኙነቱን ወዲያው ይዘጋና መስኮታችሁን ይመልስላችኋል። ሰርቨሩ ላይ ስትሠሩት የነበረው ግን አብሮ ሊቋረጥ ይችላል። ለዚህ ቲማክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ እሱን ከፍታችሁ ውስጡ ከሠራችሁ እናንተ ጋ መብራትም ኔትወርክም ቢሄድ ሥራው እዚያው ይቀጥላል፤ ስትመለሱ አታች ብላችሁ ካቆማችሁበት ትገባላችሁ። ፈልጋችሁ ለመውጣት ኮንትሮል ቢ፣ ከዚያ ዲ። ስክሪን የሚባለውን ታላቅ ወንድሙን የምትጠቀሙ ከሆነ ኮንትሮል ኤ የተባለውን ቁልፍ ለራሱ ይዞታል፤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ለመሄድ ኮንትሮል ኤ ብላችሁ ኤ መድገም ይኖርባችኋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኪዝ ዊንስታይንና ባልደረቦቹ ኤምአይቲ ውስጥ ሞሽ የተባለ ፕሮግራም አወጡ፤ የጻፋችሁትን ፊደል ሰርቨሩ እስኪመልስ ሳይጠብቅ ገምቶ ስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ ግምቱ ካልሆነ ያርመዋል። ለሳተላይት መስመር ትልቅ እረፍት ነው። ሰርቨሩም ላይ መጫን ስላለበት ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

የይለፍ ቃል ስትጽፉ ምንም አይታይም። በመሃል የተሳሳታችሁ ከመሰላችሁ ባክስፔስ እየቆጠራችሁ አትጨነቁ፤ ኮንትሮል ዩ የጻፋችሁትን ሙሉ ያነሣል፣ ከመጀመሪያው ጻፉ። ምስጢራዊ ቃል ያለበት ትእዛዝ ለመስጠት የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ፣ በተለይ ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር፣ ከትእዛዙ በፊት አንድ ባዶ ቦታ ተዉ። ኡቡንቱን በመሰሉ ብዙ ሥርዓቶች ላይ በባዶ ቦታ የጀመረ መስመር በታሪኩ አይመዘገብም፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው በኮንትሮል አር አያገኘውም።

በመጨረሻ ለራሳችሁ የምታስተካክሉት አንድ ነገር። ቤት ማኅደራችሁ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር፣ ኢንፑትአርሲ የሚባል ፋይል ብትፈጥሩ ሪድላይን ያነብበዋል። እዚያ ውስጥ የላይኛዋን ቀስት ሂስትሪ ሰርች ባክዋርድ ከሚባለው ተግባር ጋር እሰሯት። ከዚያ በኋላ ሁለት ፊደል ጽፋችሁ ቀስቷን ስትጫኑ በእነዚያ ሁለት ፊደሎች የጀመሩትን ያለፉ ትእዛዞች ብቻ ታመጣለች፤ ኮንትሮል አርን ላልለመደ ሰው ይቀልላል። ላፕቶፓችሁ ላይ ብቻ ብታስቀምጡት ግን በሩቅ ስትሠሩ ለውጥ አታዩም፤ ቀስቷን የሚተረጉማት እዚያ ያለው ሼል ነው። ፋይሉን ወደ ሰርቨሩ ቅዱት፣ ውጡና እንደገና ግቡ።